ባዶ እግሯን አልላክኋትም

ነገሩ የሆነው ሰኔ 2013 ዓ.ም. ነው። ፍኖተ ሰላም ውስጥ ያለ አንድ ትምህርት ቤት (ስሙን ልተወው፣ ጥፋቱ የኔ እንጂ የትምህርት ቤቱ አይደለምና) በወላጆች ቀን ንግግር እንዳደርግ ጋበዘኝ። እኔ ደግሞ ንግግር አድርግ ሲሉኝ እምቢ ማለት ያልፈጠረብኝ ሰው ነኝ። ማስተማሩን ከተውኩ ወዲህ ማይክራፎን ባየሁ ቁጥር የድሮው ክፍሌ ትዝ ይለኛል። እናም ከረባቴን አስሬ ሄድኩ።

በዕለቱ ከአሥረኛ ክፍል አንደኛ የወጣች ልጅ ትሸለም ነበር። ርዕሰ መምህሩ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ "ከቋሪት በኩል ካለ ገጠር ናት፤ እዚህ ቤት ተከራይታ ነው የምትማረው፤ ለስንቅ በእግሯ እየተመላለሰች" አሉኝ። የነገሩኝ ይህንኑ ብቻ ነው። የቀረውን እኔ ሞላሁት። ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ "ይህች ልጅ በባዶ እግሯ፣ በባዶ ሆዷ፣ ዝናብና ጭቃ ሳይበግራት፣ ጽናትን ብቻ ስንቋ አድርጋ..." እያልኩ ቀጠልኩ። አበበ ቢቂላንም ጠራሁ። (አበበን ሳይጠራ ስለ ጽናት ንግግር ያደረገ ኢትዮጵያዊ ካለ እጁን ያውጣ።) ጭብጨባው ቀለጠ፣ እልልታው ደራ። ልጅቱ አንገቷን ደፍታ መዝገበ ቃላቷንና ደብተሮቿን ተቀበለች። እኔም ረክቼ ተቀመጥኩ።

ሕዝቡ ሲበተን አንዲት ነጠላቸውን ያጣፉ ሴት መጥተው ፊቴ ቆሙ። የልጅቱ እናት ናቸው።

"መምህር፣ ልጄን አመሰገኑልኝ፤ እግዜር ይስጥልኝ" አሉ። ምንም አይደል ልል ስል ቀጠሉ። "ግን እኔ ባዶ እግሯን አልላክኋትም።"

"እናቴ፣ ለማድነቅ ብዬ እኮ ነው" አልኩ።

"እሷን አደነቁ። እኔን ግን በሰው ፊት አዋረዱኝ። ሁለት ዶሮ ሽጬ ነው ጫማ የገዛሁላት። ባዶ ሆዷንም አንድ ቀን ከቤቴ ወጥታ አታውቅም። አሁን ይሄን ጎረቤት ቢሰማ ምን ይለኛል? ልጇን እንዲሁ ለቀቀቻት አይለኝም?"

የልጅቱን እግር ያየሁት ገና ያን ጊዜ ነው። ጥቁር ኮንጎ ጫማ አድርጋለች። ለበዓሉ ታጥቦ ያበራል። መድረክ ላይ አጠገቤ ቆማ ስትሸለም እግሯ ከኔ ሁለት ክንድ አይርቅም ነበር።

እንግዲህ አንባቢ ይፍረደኝ። ስንት ዓመት ሙሉ ተማሪዎቼን "ጽሑፉ ላይ የሌለውን አታንብቡ" እያልኩ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። በዚህ ጥፋት በቀይ እስክሪብቶ ስንቱን ቀጥቻለሁ! ታዲያ ዓይኔ ሥር ያለውን ጫማ ሳላይ የሌለ ባዶ እግር ያነበብኩት ለምንድን ነው? መዋሸቴ አልነበረም፤ ከልቤ ነው የታየኝ። እንዲህ ያለ ስሕተት አንድ ሰው ብቻውን አይፈጥረውም። ሁላችን ደጋግመን ስናወራው የኖርነው ተረክ አለ ማለት ነው፤ ተረክ ሲደጋገም ደግሞ ከዓይን ይበረታል።

ተረኩን ታውቁታላችሁ። ከድሃ ቤት የተወለደ ልጅ አለ። ትምህርት ቤቱ ሩቅ ነው። ጫማ የለውም። ይሮጣል። ከዚያ ወርቅ ያመጣል። በመሐል ያለው ሁሉ ተዘልሏል፤ የተዘለለበት ቦታ ላይ "ጽናት" የምትል ቃል ተለጥፋለች። የስፖርት ጋዜጠኛው ይላታል፣ የምርቃት ተናጋሪው ይላታል፣ እኔም አልኳት። ቃሏን አልጠላትም። ግን የምትውልበትን ሥራ ልብ በሉ፦ ማን አበላው፣ ማን አለበሰው፣ ማን አሠለጠነው የሚለውን ጥያቄ ሳንጠይቅ እንድናልፍ መሻገሪያ ሆናልናለች።

መነሻው አበበ ነው። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በዕንቁጣጣሽ ዋዜማ፣ ሮም። ማራቶኑ የተጀመረው ወደ ማታ ስለነበር ያለቀው ጨለማ ውስጥ ነው። በአፒያ መንገድ ወታደሮች ችቦ ይዘው ቆመዋል። ከአክሱም የተወሰደው ሐውልት ያኔ ሮም አደባባይ ላይ ነበርና አበበ በአጠገቡ ያልፋል። በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ፣ በባዶ እግሩ ይገባል። ደራሲ ቢፈጥረው "አሁንስ አበዛኸው" የምንለው ትዕይንት ነው። በዚህ የተማረከ ሰው ላይ አልፈርድም፤ እኔም ከተማረኩት አንዱ ነኝ።

ግን እግሩ ባዶ የሆነው ጫማ አጥቶ አልነበረም። አበበ የክብር ዘበኛ ወታደር ነው፤ ጫማ አይቶ የማያውቅ እረኛ አይደለም። ስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን ሲያሠለጥነው ቆይቷል። ለውድድሩ የቀረበለት ጫማ እግሩን አልስማማ ሲለው፣ ቀድሞም በባዶ እግር ልምምድ ሠርቶ ስለነበር፣ ጫማው ይቅር ተባለ። የተመከረበት ነገር ነው። ከአራት ዓመት በኋላ፣ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም.፣ ቶኪዮ ላይ ሲሮጥ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ ስድስት ሳምንት ገደማ ቢሆነው ነው። ጫማና ካልሲ አድርጎ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ገባ። ከሮሙ በሦስት ደቂቃ ፈጠነ። እስከዚያ ቀን ድረስ በዓለም ላይ ማንም ያልሮጠው ሰዓት ነበር፤ የኦሊምፒክን ማራቶን ሁለት ጊዜ አከታትሎ በማሸነፍም የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ታዲያ በየቤቱ ግድግዳ የተሰቀለው የቱ ነው? ጫማ ያደረገው አበበ የተሰቀለበት ቡና ቤት ካያችሁ ንገሩኝ፤ ሄጄ እጠጣለሁ።

በ1991 ዓ.ም. ደግሞ እንግሊዛዊው ሌስሊ ዉድኸድ ያዘጋጀው "ኢንዱራንስ" የሚባል ፊልም መጣ። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ራሱን ሆኖ የሠራበት፣ ከአርሲ ልጅነቱ እስከ አትላንታ ወርቁ የሚሄድ ነው። ፊልሙን አልንቀውም። የአርሲን ምድር እንደዚያ አሳምሮ ያሳየ ሥራ ብዙ አላየሁም፤ የእናቱ ሞት ሲመጣም ያስለቅሳል። አንድ ጊዜ ለተማሪዎቼ አሳይቼ "ምን ቀረላችሁ?" ብዬ ስጠይቅ ግን የሁሉም መልስ አንድ ሆነ፦ ደብተሩን ይዞ የሚሮጠው ልጅ። ሌላ የለም። እኔም "ጎበዝ" ብዬ አለፍኳቸው። ያው ኃይሌ በሐምሌ 1988 ዓ.ም. አትላንታ ላይ 10 ሺህውን ሜትር ካሸነፈ በኋላ የመሮጫው መም ጠንክሮ እግሩን ስለጎዳው 5 ሺህውን ሳይሮጥ ቀርቷል። የዚያ የብረት ሰው እግር እንኳ የሥጋ እግር ነበር። ይህን ግን ተረካችን ውስጥ ማስገባት አይመቸንም።

"በደማችን ነው፣ አየሩ ነው" የሚሉም አሉ። ከፍታው ይረዳል፣ አልክድም። ግን የኛ ደጋ ዳሞት፣ ሰከላ፣ የጮቄ ግርጌ ከበቆጂ በምን ያንሳል? ብርዱ አለ፣ ዳገቱ አለ፣ ገብሱ አለ፣ ወደ ትምህርት ቤት የሚሮጥ ልጅም ሞልቷል። በቆጂ ግን ሥንታየሁ እሸቱ የሚባሉ መምህርና አሠልጣኝ ነበሩላት፤ ደራርቱ ቱሉን፣ ቀነኒሳ በቀለን፣ ጥሩነሽ ዲባባን በልጅነታቸው ይዘው ያሠለጠኑ። ከጎጃምም ውዴ አያሌው ነሐሴ 2001 ዓ.ም. በርሊን ላይ በ10 ሺህ ሜትር ነሐስ አምጥታለች፤ እኅቷ ሕይወት አያሌውም በ3 ሺህ ሜትር መሰናክል ለአገሯ ሮጣለች። አየሩ የሁላችንም ነው። ከአየሩ ሌላ ምን ነበራቸው ብሎ የሚጠይቅ ነው የጠፋው።

ይህን ሳብሰለስል ሰሜን እንግሊዝ የሚኖር አንድ የድሮ ተማሪዬ ደወለልኝ። የሴትዮዋን ነገር አጫወትኩት። "መምህር፣ እዚህ አንድ የሥራ ባልደረባዬ አለ፤ ለአንድ ሩጫ ሲዘጋጅ ዓመት ሊሞላው ነው" አለኝ።

ሩጫው ስፓይን ይባላል። ጥር 2004 ዓ.ም. የተጀመረ ነው። ኤዴል ከምትባል የእንግሊዝ መንደር ተነስተው ስኮትላንድ ውስጥ ከርክ የትሆልም እስኪደርሱ 268 ማይል፣ ማለትም ወደ 431 ኪሎ ሜትር፣ ዛፍ በሌለባቸው ረግረጋማ ተራሮች ላይ ይሄዳሉ። ከፍኖተ ሰላም አዲስ አበባ ካለው መንገድ ይበልጣል። የሚደረገው በክረምታቸው ነው፤ እኛ ጥምቀትን በፀሐይ ስናከብር እነሱ በረዶ ላይ ናቸው፤ ሌሊቱም ወደ 16 ሰዓት ይረዝማል። ለመጨረስ ሰባት ቀን ይሰጣቸዋል። እና ይሄን ሁሉ ለደስታቸው!

"ዓመት ሙሉ ምን ይሠራል?" አልኩት።

"አይ መምህር፣ ሩጫውስ ትንሹ ነው። ሌሊት ከረጢቱን ተሸክሞ ዝናብ ውስጥ ይወጣል። ካልሲ ይመርጣል። እጁ በብርድ ደንዝዞ የምግብ መጠቅለያ መፍታት ይለማመዳል። የትኛው ምግብ ሲቀዘቅዝ እንደ ድንጋይ እንደሚሆን በደብተር ይጽፋል።"

ከመነሣታቸው በፊት ዕቃቸው ይፈተሻል፦ የመኝታ ከረጢት፣ የዝናብ ልብስ፣ የግንባር ባትሪ፣ ካርታ፣ ኮምፓስ፣ ምድጃ፣ ምግብ። የጎደለበት አይነሣም። ጀግና ነኝ ቢል የሚሰማው የለም። ጥር 2011 ዓ.ም. ወንዱንም ሴቱንም ቀድማ የጨረሰችው ጃስሚን ፓሪስ የምትባል የእንስሳት ሐኪም ናት። በ83 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ገብታ የነበረውን ክብረ ወሰን ከ12 ሰዓት በላይ አሻሻለችው። የምታጠባው ሕፃን ነበራትና በየማረፊያው እየቆመች የጡቷን ወተት እያወጣች ነው የቀጠለችው።

ስለዚህች ሴት ያገኘሁትን አነበብኩ። ወተቱ አለበት፣ እንቅልፉ አለበት፣ የተሸከመችው አለበት። "በደሟ ነው" ብሎ ያለፋት አላጋጠመኝም። የፈረንጅ ጀግና ስንቋ ይቆጠርላታል። የኛ ጀግና ግን ስንቅ ካለው ጀግንነቱ የሚቀንስ ይመስለናል፤ ለዚህ ነው የልጅቱን እናት ከታሪኩ ያስወጣኋቸው። ባዶ እግር የሆነችልኝ እንድታምርልኝ ብዬ ነው።

ተማሪዬ ሳቀ። እሱም የገጠር ልጅ ነው። "መምህር፣ እኛ አገር እኮ ይሄ ሩጫ አይባልም። እሁድ ነው የሚባለው" አለኝ።

እውነቱን ነው። እኔ በ1977 ዓ.ም. ዘጠነኛ ክፍል ስገባ ከደጋ ዳሞት ገጠር ወደ ፍኖተ ሰላም የምወርደው እሁድ እሁድ በእግሬ ነበር። በዶሮ ጩኸት ተነሥቼ ከቀትር በኋላ ነው የምደርሰው። ዝግጅቱ ግን የሚጀመረው ሐሙስ ነው። እኔ ገና ከተማ ጥቁር ሰሌዳ ላይ አፍጥጬ እናቴ ገብስ ትቆላለች፣ ለበሶ ታስፈጫለች። አርብ ሊጥ ታቦካለች። የእንጀራው ነገር ሒሳብ ነበረው። ክረምት መውጫ ላይ አየሩ እርጥብ ስለሆነ እንጀራ ከማክሰኞ አያልፍም፤ ይሻግታል። ስለዚህ እስከ ማክሰኞ እንጀራ፣ ከረቡዕ በኋላ ድርቆሽና በሶ። ሽሮው ለብቻ፣ በርበሬው ለብቻ፣ ጨው በትንሽ ቋጠሮ። ዳቦ ቆሎው የመንገድ ነው፤ ኪስ ውስጥ ነው የሚገባው። እሱንም "ዳገቱ ላይ እንዳትበላ፣ ዳገቱን ጨርሰህ፣ ትንፋሽህ ሲመለስ" ትለኝ ነበር። ማንበብ የማትችል ሴት ናት። ይሄን ማን አስተማራት? የሷ እናት ወንድሞቿን ስትሸኝ አይታ ነው።

ስልቻው ሲሞላ ትከሻ እንዳይቆርጥ ማንገቻው ላይ አሮጌ ባና ታጥፋለች። ደረቁን ከሥር፣ እንጀራውን ከላይ። ከዚያ በር ላይ ታቆመኛለች። "ገሳህ?" አለ። "ዱላህ?" አለ። "ጨው?" ይዣለሁ። "ክብሪት?" ክብሪቱን ራሷ በላስቲክ ጠቅልላ በሶው መሐል ቀብራዋለች፤ ዝናብ ቢመታኝም እሳት እንዳላጣ። እያወቀች ነው የምትጠይቀኝ። ያን ጊዜ ይሰለቸኝ ነበር። አሁን ያ የእንግሊዞቹ ፍተሻ ሲነገረኝ በር ላይ የቆመችው እናቴ ነች የመጣችብኝ።

(ክፍል ውስጥ "ፍቅር እስከ መቃብር"ን ስንት ዓመት አስተምሬያለሁ። ሰብለ ወንጌል በዛብህን ፍለጋ በእግሯ ስትወጣ ስለ ፍቅሯ ስንት ሰዓት ተናግሬያለሁ፤ ስለ እግሯ ግን አንድ ቀን ጠይቄ አላውቅም። በእግሩ አድጎ በእግሩ የተማረ ሰው እንዲህ መርሳቱ ይገርማል።)

የአባቴ ድርሻ ወንዙ ነበር። በመስከረም ትምህርት ሲከፈት ወንዝ ገና አልጎደለም። "ብቻህን አትግባ። ሰው እስኪመጣ ጠብቅ። ተያያዙ፤ ጠንካራው ከላይ በኩል ይሁን። ከጉልበት ካለፈ ተመለሱ፤ ትምህርቱ የትም አይሄድም።" ከሩቅ የምንመጣ ልጆች መገናኛ ዛፍ ነበረችን፤ እሷ ሥር ተጠባብቀን ነው የምንሻገረው።

ከኛ መካከል አንድ ልጅ ነበር። የወንዙን ስም አልጠራም፤ ቤተሰቦቹ ዛሬም አሉ። ከሁላችንም ፈጣን ነው። እኛ ሁለት ጊዜ ተቀምጠን የምንወጣውን ዳገት አንዴም ሳይቀመጥ ይጨርሰዋል። መጠበቅ አይወድም። በ1978 ዓ.ም. መስከረም ላይ አንድ እሁድ ከዛፏ ሥር ደረስን፤ እሱ የለም። ቀድሞናል ብለን ተሻገርን፤ ማዶም የለም። ስልቻውን ከታች ቁጥቋጦ ይዞት አገኘነው፤ እናቱ ያጠፈችው ባና እንዳለ ነበር። በቀብሩ ላይ "ጽኑ ልጅ ነበር" ተባለ። እውነት ነው፣ ነበር። ጽናት ሞልቶት ነበር። ያጣው ድልድይ ነው። ድልድዩም ቢቀር እጁን የሚይዝ አንድ ሰው።

ድልድዩን ያልሠራ ሰው ጽናትን ቢያመሰግን አይገርመኝም፤ ርካሽ ነውና። የሚገርመኝ እኛ፣ መንገዱን የምናውቀው፣ አብረን ማጨብጨባችን ነው። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በክልላችን በተነሣው ጦርነት ስንትና ስንት ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። የስንት ልጅ የእሁድ መንገድ ተቋረጠ። ሐሙስ ገብስ የሚቆላበት ምክንያት የጠፋበት ቤት ብዙ ነው። እና በዚህም ላይ ደግሞ ሰምቻለሁ፦ "ልጆቻችን ጽኑ ናቸው፣ ይህንንም ያልፉታል።" ያችው ቃል። ያለፈ ጊዜ ያልኳት እኔ ስለሆንኩ በሌላው ላይ አፌን ሞልቼ ለመናገር አፈርኩ። አሁን ግን ልናገረው፤ ለልጅ ትምህርት ቤት ሳይከፍቱ ጽናቱን ማወደስ፣ ጫማዋን አውልቆ ባዶ እግሯን እንደማድነቅ ነው።

ሰሞኑን የቆዩ ደብተሮቼን ሳገላብጥ አንድ ገጽ ተኩል የሚሆን ጽሑፍ አገኘሁ። የ2013ቱ ነው። ከወላጆች ቀን በኋላ በሳምንቱ የልጅቱን እናት ገበያ ላይ ሽንኩርት ሲመርጡ አገኘኋቸውና ይቅርታ ጠየቅኩ። "ኧረ ይተውት፣ አልፏል" አሉኝ። እኔ ግን አልተውኩም። "ስንቋን እንዴት እንደሚያዘጋጁ ይንገሩኝና ልጻፈው" አልኳቸው።

"ይሄ ደግሞ ምኑ ይጻፋል?" ብለው ሳቁ። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ዙሪያውን አዩ፤ ሰው እንዳይሰማቸው መሰለኝ። ከዚያ ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉና ነገሩኝ። ሐሙስ ነው የጀመሩት። ገብሱን፣ ስንት ጣሳ እንደሆነ፣ ስንቱ ለበሶ ስንቱ ለዳቦ ቆሎ እንደሚሆን። እንጀራው እስከ ስንት ቀን እንደሚቆይ። ፌስታል እንጀራ ያሻግታል፣ ጨርቅ ይሻላል አሉኝ። ጫማዋን ጭቃው ላይ እንደምታደርገው፣ ደረቅ መሬት ላይ ግን አውልቃ በእጇ እንደምትይዘው፣ ቶሎ እንዳያልቅ ብለው እሳቸው እንደመከሯት ነገሩኝ። ማን ያውቃል፣ እግሯ ባዶ ሆኖ ያያት ሰው ካለ እሱም ያየው ይሄን ነው።

ሲጨርሱ፣ "እስቲ ያንብቡልኝ" አሉ። አነበብኩላቸው። መሬት መሬት እያዩ፣ በጣታቸው እየቆጠሩ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

"ክብሪቱን አልጻፉትም" አሉኝ።